ከረጅም ዕረፍት በኋላ ወደ ብስክሌት መመለስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፣ እነዳለሁም። ሰሞኑን «ድሮ እነዳ ነበር፣ አሁን መመለስ እፈልጋለሁ» የሚሉ ሰዎች ጥያቄ በዝቶልኛል። በጣም ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁት ስለ ትንፋሽ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጉልበት መገጣጠሚያ ነው። ምክንያቱን እየመለስኩ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ 43 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ስለሆነ ያደግኩት ያለ ሳይክል የትም አልሄድም ነበር። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ገና ከሰፈር ሳልወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። አርጅቼ ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ከፍታዋም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ያውም ዳገት የበዛባት ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ሰውነት ቢለምደውም የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። በዚያ ላይ የዕረፍቱ ዓመታት አሉ። ሰው ስፖርት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ልብም በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል። ደግነቱ ስትጀምር ቶሎ የሚመለሰውም ይኸው ነው። ቅዳሜ ብቻ ረጅም ከመንዳት በሳምንት ሦስት አራት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ንዳ። እየነዳህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ፍጥነትህ ልክ ነው። ዳገቱ ካስቸገረህ ወርደህ ግፋው፣ ምንም ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ከጀመርኩ አንድ ወር ሆኖኛል። ትንፋሼ ተስተካክሏል፣ አሁን ደግሞ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው፣ ግን ለጊዜው ቀንስ። ከላይ የጠቀስኩት ስጋቴ ይህ ነው። ልብና ጡንቻ ቶሎ ይመለሳሉ። ጅማት ግን ደም በብዛት ስለማይደርሰው ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ሰው ትንፋሹ ሲመለስለት «ድሮ የነበርኩበት ደርሻለሁ» ብሎ ርቀቱን በአንዴ እጥፍ ያደርጋል። ጅማቱ ግን ገና ነው።

ከዚያ በፊት ኮርቻህን እይልኝ። የምትነዳበትን ጫማ አድርገህ ተቀመጥ፣ ግድግዳ ያዝ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ እስከ ታች አውርደው። እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ስትነዳ የምትረግጠው በእግርህ የፊት ክፍል ስለሆነ ያኔ ጉልበትህ በትንሹ እጥፍ ብሎ ይቀራል። ልኩ ይህ ነው። ሕመሙ ከጉልበትህ ፊት ለፊት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከኋላ በኩል ከሆነ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል። ስታስተካክል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ አንቀሳቅስ፣ ሁለት ሦስት ቀን ንዳበትና እይው።

ሌላው ማርሽ ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው በከባድ ማርሽ እየታገለ ነው የሚነዳው፣ ጉልበት የሚያልቀውም በዚህ ነው። ቀላል ማርሽ አስገባና ፔዳሉን በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ጊዜ አዙር። ጉልበትህ ካበጠ ወይም ሌሊት ካላስተኛህ ግን ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ሳይክሌ ለዓመታት ዕቃ ቤት ቆሞ ነበር። ጎማውን ነፍቼ ልውጣ?

መልስ፦ እባክህ እንዳትወጣ! ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ነፍተኸው ጎንና ጎኑን ዙሪያውን እይ፣ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ቀይረው። የአየሩ ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ጎሚስታ ጋ ካስነፋህ ያንን ቁጥር አሳየው፣ የመኪና ጎማ መንፊያ የሳይክልን ጎማ በሰከንዶች ነው የሚሞላው።

ፍሬኑ ላይ ጊዜ ውሰድ። ላስቲኩ ደርቆ ከሆነ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ሽቦውም ከውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። እጀታውን ጨብጠህ ስትለቀው ወዲያው ካልተመለሰ ይቀየር። ርካሽ ነው፣ በዚህ አትቆጥብ።

ሰንሰለቱን ደግሞ ራስህ መለካት ትችላለህ። ከአንዱ ፒን መሃል ጀምረህ 24 መገጣጠሚያ ቁጠር። አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ30.6 ካለፈ ተለጥጧል፣ ካልቀየርከው የማርሹን ጥርሶችም ይበላቸዋል። የሞተር ዘይት አታፍስስበት፣ አቧራ ይሰበስባል። ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርግና ትርፉን በጨርቅ ጥረገው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ 50 አልፌያለሁ። ኮርቻው ያመኛል፣ መንገዱንም እፈራለሁ።

መልስ፦ እንኳን ተመለሱ እናቴ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መቀመጫን ቢያምዎ የተለመደ ነው፣ ያልፋል። መደንዘዝ ግን የተለመደ አይደለም። ሲደነዝዝዎ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንደሆነ ይዩ፣ አግድም ይሁን። የሴት የመቀመጫ አጥንት ብዙውን ጊዜ ሰፋ ስለሚል ሰፋ ያለ ኮርቻ ይሻልዎታል። በጣም ለስላሳውን ግን አይግዙ፣ ሰውነት ይሰምጥበትና ይብስ ያማል።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ መንገዳችን ያስፈራል። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ነገር ይለማመዱ። አንዱ በሁለቱም ፍሬን ቀስ ብሎ መቆም ነው። ሌላው መሪው ሳይዞር ወደ ኋላ ዞር ብሎ ማየት ነው። ከዚያ እሑድ ጠዋት ማልደው ይውጡ። አዲስ አበባ ከሆኑ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች አሉ። እግረኛ ስለሚበዛባቸው ዝግ ብለው ይንዱ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከመኪና የራቀ የት ልጀምር?

መልስ፦ ዕድለኛ ነህ። ከቤተስዳ እስከ ጆርጅታውን የሚወርደው ካፒታል ክሬሰንት ትሬይል ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም፣ ስለዚህ መንገዱ ገር ነው። ስትመለስ ግን ወደ ላይ ነውና አቅምህን ቆጥብ።

ጥያቄ፦ በጾም መንዳት ይቻላል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው።

መልስ፦ ለጤነኛ ሰው አጠር ያለ፣ ሜዳ ሜዳውን ከሆነ ይቻላል። እኔ የምመክረው ስምንት ሰዓት ገደማ መውጣት ነው፣ እንደተመለስክ ምግብና ውኃ ይጠብቅሃል። ረመዳን ለሚጾሙም ከማፍጠሪያው በፊት ያለው ሰዓት ይሻላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ መቀሌ እወዳደር ነበር። ወደ ውድድር መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቱር ደ ፍራንስን የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ከዚያው ከትግራይ ነው የወጣው። ጥሩ ቦታ ነው የጀመርከው። አንዴ የሠለጠነ ጡንቻ ከአዲስ ጀማሪ ቶሎ ይመለሳል። የድሮውን የልምምድ ፕሮግራምህን ግን አታውጣው፣ ያ ለሌላ ሰውነት የተጻፈ ነው። ስድስት ወር ያለ ፉክክር ንዳ፣ ከዚያ እንነጋገር።

ጥያቄ፦ ታክሲዎቹንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ራቁ፣ በር ድንገት ይከፈታል። ረዳቱ አንገቱን ካወጣ ታክሲው ሊቆም ነው፣ በቀኝ በኩል ለማለፍ አትሞክሩ። በጆሮ ማዳመጫ አትንዱ። አንዴ የተመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ይቀየር።

ጥያቄ፦ እንጦጦን መቼ ልውጣው?

መልስ፦ ከሰፈርህ ያለውን የአሥር ደቂቃ ዳገት ሳትቆም ከወጣህና በማግስቱ ጉልበትህ ዝም ካለ፣ ሞክረው። ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና በቀላሉ ማርሽ ጀምር። ሹራብ ወይም ጃኬት ያዝ፣ አልቦህ ስትወርድ ብርዱ ከባድ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ይዘህ አትቆይ። ጨበጥ፣ ለቀቅ እያደረግህ ውረድ፣ ቸርኬው እንዳይግል።