በወንጀል ፍትሕ ድርጅት ውስጥ ኮሙኒኬሽን ልትሠሩ ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በወንጀል ፍትሕ ማሻሻያ ላይ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የኮሙኒኬሽን ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በሥራው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፤ የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሕግ አልተማርኩም፤ የመጣሁት ከማስታወቂያ ሥራ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ማኅበራዊ ሚዲያውን ለጊዜው ተዪው። ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ። ቀጠሮ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ዋስትና እንዴት እንደሚከለከል፣ ቤተሰብ ደጅ ላይ ምን ያህል እንደሚጠብቅ በዓይንሽ እዪ። ከዚያ ከድርጅቱ ጠበቆች አንዱን ያዢና አንድ ጉዳይ ሰውየው ከተያዘበት ጊዜ እስከ ይግባኝ ድረስ እንዴት እንደሚሄድ እንዲያስረዳሽ ለምኚው። ተጠርጣሪ (ገና ክስ ያልቀረበበት)፣ ተከሳሽ (ክስ የቀረበበት) እና ፍርደኛ (ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት) የተለያዩ ናቸው። ይሄን ካደባለቅሽ ሰውየውን ትጎጂዋለሽ፣ የጠበቆቹንም እምነት ታጫለሽ።

ጥያቄ፦ አንድ የታሰረ ደንበኛችን ታሪኩ እንዲወጣ ፈርሟል። አለቃዬ ዛሬውኑ ይውጣ ትላለች። ፊርማው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ይሄን ረዘም አድርጌ ልመልሰው፤ ሥራችን ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

እስር ላይ ያለ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ጠበቃ ያቆመለት ድርጅት ሲጠይቀው፣ «እምቢ ካልኩ ይተዉኛል» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ፈቃዱን ስትጠይቅ ጠበቃው አብሮ ይኑር። እምቢ ቢልም ጉዳዩ እንደማይቋረጥ አስቀድመህ ንገረው። ጽሑፉ የት እንደሚወጣ፣ ማን ማን ሊያነበው እንደሚችል አስረዳው። የመጨረሻውን ረቂቅ አንብብለት።

ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ከሆነ፣ ጠበቃው ሳያየው አንድ መስመር አይውጣ። «በጣም ተጸጽቷል» ብለህ ጻፍክ እንበል። ሰውየው ግን «አላደረግኩም» ብሎ እየተከራከረ ነው። አንተ አንባቢን ያራራል ብለህ የጻፍከውን ዐቃቤ ሕግ ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ልጆች ካሉት፣ ስማቸውና ፊታቸው አይታይ። ከተፈታ በኋላ ደግሞ እንደገና ጠይቀው። ታስሮ ሳለ የፈቀደው ፎቶ፣ ሥራ ሲፈልግ መሰናክል ሊሆንበት ይችላል። አንሱልኝ ካለ ያኔውኑ ይነሳ። ዘመቻው አንድ ሳምንት ቢዘገይ ይሻላል፤ ለአለቃህም እንዲሁ በላት።

ጥያቄ፦ ሰዎች ሁሌ «ለተጎጂውስ ማን ይቁም?» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

መልስ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እንደ ጥቃት አትዪው። የምትጽፊውን ሁሉ የተጎጂው ቤተሰብ እንደሚያነበው አድርገሽ ጻፊ። የደረሰውን ጉዳት አታድበስብሺ። ንጹሕ ሰው ሲፈረድበት እውነተኛው አጥፊ ውጭ ቀርቷል፤ ያ ለተጎጂም ፍትሕ አይደለም። ይሄን ስትዪ ግን ያላናገርሻቸውን ተጎጂዎች ወክለሽ አትናገሪ።

ጥያቄ፦ የትኞቹን ቁጥሮች ሳልፈራ ልጥቀስ?

መልስ፦ በዓለም ላይ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እስር ላይ ናቸው። ከእነሱ ሲሶ ያህሉ ገና ፍርድ አላገኙም። ብዙ ሰው ይሄን ሁለተኛውን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን፣ አንቀጽ 9 ላይ፣ ፍርድ የሚጠብቁ ሰዎችን አስሮ ማቆየት እንደ ጠቅላላ ደንብ እንዳይወሰድ ይላል። ቁጥሩንና አንቀጹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ስለ እስረኞች አያያዝ የወጡትን የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችንም አንብብ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው ናቸው። እስረኛን ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ለብቻው ነጥሎ ማቆየትን ይከለክላሉ።

ጥያቄ፦ የንጹሐንን ታሪክ ብቻ ብናቀርብ ሕዝቡ በቀላሉ አይቀበለንም?

መልስ፦ ይቀበላችኋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት፣ ያላጠፉ ሰዎች እንደሚፈረድባቸው በዲኤንኤ ምርመራ አሳይቷል። የዚህ ዓይነት ታሪክ ጉልበት አለው። ግን እዚያ ላይ ብቻ ከቆማችሁ፣ መብት የሚገባው ለንጹሕ ሰው ብቻ ነው እያላችሁ ነው። ያጠፋም ሰው አይደበደብም፤ ሲታመም ይታከማል፤ ቅጣቱን ሲጨርስ ወደ ሰው ይመለሳል። ስለ እሱ መጻፍ ይከብዳል። እኔ ግን የሥራችን ዋናው እሱ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ የረዳነው ሰው ተፈቶ እንደገና ወንጀል ቢሠራና ጋዜጠኛ ቢደውልስ?

መልስ፦ አትደበቁ። የተጎዳውን ሰው አስቀድሙ፣ የተረጋገጠውን ብቻ ተናገሩ፣ ደንበኛው በምስጢር የነገራችሁን አታውጡ። አሁንም ተጠርጣሪ ነው፤ ለሌላው የምትሉትን ለእሱም በሉ። ማን እንደሚናገር ደግሞ ስልኩ ሳይጮህ በፊት ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ችሎት ውስጥ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ ዳኛው ፈቃድ አይሞከርም። ደንቡ እንደየአገሩ ይለያያል። ከመግባትህ በፊት የችሎቱን ጸሐፊ ጠይቅ፣ ስልክህንም አጥፋ።