ፎስፈረስ መሆኑን በምን አወቁ?

ወንድሜ፣ «አንድ ንጥረ ነገር በጨረር ሲደበደብ የሚፈጠሩት አተሞች በዓይን አይታዩ፣ በሚዛን አይመዘኑ፤ ታዲያ ምን እንደሆኑ በምን ያውቃሉ?» ላልከው፣ ከኢሬን ኩሪና ከባሏ ከፍሬደሪክ ዦሊዮ ብንጀምር ይሻላል። 1934፣ ፓሪስ። ስስ አሉሚኒየም ከፖሎኒየም (በራሱ ጨረር ከሚያወጣ ንጥረ ነገር) በሚወጣ የአልፋ ጨረር፣ ማለትም በሂሊየም አስኳሎች ደበደቡ። የገረማቸው ፖሎኒየሙን ካነሱት በኋላም የጨረር ቆጣሪው ዝም አለማለቱ ነው። አሉሚኒየሙ ራሱ ፖዚትሮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የኤሌክትሮን አምሳያ) ይለቅ ነበር፤ ጨረሩም በየ3 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንስ ነበር፤ ግማሽ ዕድሜ የሚሉት ይህንን ጊዜ ነው።

በስሌት ከሄድክ ቀላል ነው። አሉሚኒየም 27 (ቁጥሩ በአስኳሉ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ድምር ነው) አልፋ ውጦ ኒውትሮን ሲተፋ ፎስፈረስ 30 ይሆናል። ግን ስሌት ብቻውን ማንንም አያሳምንም፣ ስለዚህ የተደበደበውን አሉሚኒየም ቶሎ ብለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከተቱት፤ አሉሚኒየሙ ሲሟሟ ሃይድሮጂን ይወጣል፣ ፎስፈረስ ካለ ደግሞ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ሆኖ አብሮ ያመልጣል፣ አሉሚኒየሙ ግን እዚያው አሲዱ ውስጥ ይቀራል። ጋዙን ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይዘው ቆጣሪው ጋ ሲያስጠጉት ጨረሩ ያለው እዚያ ሆነ! ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ትንሽ ከዘገዩ የሚለካ ነገር አይኖርም። እኔን ከኖቤሉ ይልቅ (1935፣ በኬሚስትሪ) የሚያስደንቀኝ ይሄ ጥድፊያ ነው።

ዛሬ አሲዱ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የጋማ ጨረሩን ጉልበት በጀርማኒየም መለኪያ ያዩታል፤ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ጫፍ ካየህ ሲዚየም 137ን ጠርጥር። ፖዚትሮን የሚለቁት ግን ሁሉም 511 ላይ ስለሚታዩ፣ ሌላ ጋማ የማይሰጡትን ለመለየት አሁንም ግማሽ ዕድሜያቸውን መለካት ይረዳል።