መጀመሪያ ድንጋዩን እዩ

ጂኦሎጂ ለምትማሩና ለመማር ለምታስቡ ልጆቼ፦

ቅሪተ አካል ሲባል ብዙዎቻችሁ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው የራስ ቅል ነው። አልፈርድባችሁም፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው እሱ ነው። እኔ ግን እዚህ ሥራ ላይ አርጅቻለሁና ስሙኝ፤ መጀመሪያ ድንጋዩን እዩ።

የጃማይካን ነገር ልንገራችሁ። የደሴቲቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል የኖራ ድንጋይ ነው። ቢጫው ከታች፣ ነጩ ከላይ። ቢጫው የኖራ ድንጋይ ይባል እንጂ በመሀሉ ወንዝ ያመጣው አሸዋና ጭቃ አለበት። ሰቨን ሪቨርስ የተባለው ቦታ ላይ ፔዞሳይረን የሚባለው ጥንታዊ እንስሳ ቅሪተ አካል የወጣው ከዚህ ደለል ነው። ዕድሜው 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ዳሪል ዶምኒንግ የተባሉ ተመራማሪ ናቸው ለዓለም ያስተዋወቁት። ቀይ ባሕር ውስጥ ያለው ዱጎንግ የሚባለው ሣር በል የባሕር አጥቢ እንስሳ ዘመዱ ነው። ይኼኛው ግን አራት እግር አለው! ዳሌው ከአከርካሪው ጋር በደንብ ስለተያያዘ የብስ ላይ ቆሞ ይሄዳል።

ታዲያ ውሃ ውስጥ ይውል እንደነበር በምን ታወቀ? አንዱ ምስክር የጎድን አጥንቱ ነው። የብዙ የየብስ እንስሳት ጎድን ሲሰበር ውስጡ ወንፊት መሳይ ነው። የዚህ ግን ወፍራምና ድፍን ነው፤ ክብደቱ ውሃ ላይ እንዳይንሳፈፍ ይረዳዋል። ይህን የሚነግራችሁ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ስብርባሪ ነው።

እዚያው ቦታ ሃይራኪየስ የሚባል የአውራሪስ ዘመድም ተገኝቷል። ይህ እንስሳ ባሕር ዋኝቶ መጣ ከማለት፣ ጃማይካ ያኔ ከየብስ ጋር ትገናኝ ነበር ማለቱ ይቀላል።

ወደ ነጩ ስትወጡ ጭቃው ይጠፋል። ለምን? ጎርፍ የሚያጥበው መሬት በአቅራቢያው አልቀረማ! አገሩ ሰጥሟል። ይህን ለማወቅ አንድም አጥንት አላስፈለገም። እኔን በበኩሌ ከእንስሳው ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ለልምምድ ጃማይካ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። መቀሌ አካባቢ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይም በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ነው፤ በመሀሉም ለስላሳ ንብርብሮች አሉት። አጉሊ መነጽር ያዙና ድንጋዩ የሚቀየርበትን መስመር ተከተሉ። ዛጎል ካገኛችሁ ነቅላችሁ ኪሳችሁ እንዳትከቱ። አጠገቡ ሳንቲም አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ ጻፉና እዚያው ተዉት።