ለአዲስ ተቀጣሪዎች፦ ስለ ጡረታ ቅጹ

ውድ ልጆቼ፣

በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሰርቪስ ስትጠብቁ አያችኋለሁ። አብዛኞቻችሁ ጡረታ ሲባል ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ጉዳይ እንደሚመስላችሁ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያደክመኝ የኖረው የሽማግሌዎቹ ሳይሆን በሠላሳና በአርባ ዓመታቸው የሞቱ ሠራተኞች ፋይል ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ሠራተኛው ታሞ በሞተ በሁለተኛው ወር ባለቤቱ ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ መጣች። ፋይሉን ስከፍተው የተቀጠረ ዕለት በራሱ እጅ የሞላው የጡረታ ቅጽ ላይ «ያላገባ» ይላል፤ ከዚያ ወዲህ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል፣ ቅጹን ግን የነካው ሰው የለም። ትንሹ ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት እንኳ አልነበረውም። ወይዘሮዋ ከወረዳ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ እኛ ስትመላለስ ወራት አለፉ። ያ ሰው በየዓመቱ የዕረፍት ፈቃድ ሊያስፈርም ቢሮዬ ይገባ ነበርና፣ «ቤተሰብህን አስመዝግበሃል ወይ?» ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ ዐቅድ መጀመሪያ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪውም 11 በመቶ ይጨምራል። ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎ በሕመም የሞተ ሠራተኛ ሊያገኝ ይችል ከነበረው የጡረታ አበል ግማሹ ለትዳር ጓደኛው፣ 20 በመቶው ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ይከፈላል። አገልግሎቱ ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ ወርኃዊ አበል ቀርቶ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚደርሳቸው። ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ከሆነ ግን የአሥር ዓመት አገልግሎት አይጠየቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። አንዳንድ አሠሪ ውሉ ላይ ስድስት ሺህ ብር ጽፎ ሌላውን ስድስት ሺህ በጥቅማጥቅም ስም ሲሰጣችሁ፣ የተቆረጠባችሁ ትንሽ ስለሚመስል ደስ ትሰኛላችሁ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው የጡረታ አበል የአማካይ ደመወዙ 42.5 በመቶ ነው፤ በአሥራ ሁለት ሺህ ብር ቢሰላ 5,100 ብር ይሆናል፣ የሚስቱም ድርሻ 2,550 ብር ነው። በስድስት ሺህ ከተሰላ ሁሉም በግማሽ ይወርዳል። መዋጮው ተቆርጦ ሳይገባ የሚቀርበትም ጊዜ ስላለ፣ የደመወዝ ስሊፓችሁን አትጣሉ፤ እኔ በካርቶን ያስቀመጡ ሰዎች ክርክር ሲረቱ አይቻለሁ።

ትዳር ስትይዙ፣ ልጅ ስትወልዱ ወረቀቱን ይዛችሁ ሰው ኃይል ግቡ፤ ያቀረባችሁትንም በደብዳቤ አስይዙ።

በመጨረሻም ሰርቪሱን ላንሣ። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የሚደርስባችሁ ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ ይህን ብዙ ሠራተኛ አያውቅም፣ አንዳንድ አለቃም ቢያውቅ አይናገርም። እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ታርጋና አብረዋችሁ የነበሩትን ሰዎች ስም በዚያው ዕለት ጻፉ፤ የሐኪም ማስረጃ ያዙ፤ ለድርጅቱም በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂውን ቤት ለሚጠብቃችሁ ሰው ስጡ።