ጤነኛ የመሰለ ስንዴ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ «ጋሼ፣ ማርከር እያለልን ማሳ ለማሳ መንከራተት ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። ማርከር ያለችው ስንዴው የትኛውን ጂን (ዘረመል) እንደያዘ በላቦራቶሪ የሚጠቁመውን ምልክት ነው። ሳቄ መጣ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያስታወሰችኝ የባሌን አገር ነው። በ2002 ክረምት ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ሲፈጀው፣ ገበሬው ፊቱን ዲገሉ ወደሚባል ሌላ የስንዴ ዝርያ አዞረ። እኔም ዲገሉን እያሞገስኩ ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ «ጥግ ላይ ካሮጌው ትንሽ ልዝራ?» አሉኝ። «አባባ፣ ምን በወጣዎ! ሁሉንም ዲገሉ ያድርጉት» አልኳቸው።

በ2006 ኅዳር ላይ ተደወለልኝ። ማሳቸው ከሩቅ ያምራል። ገባሁበት። አገዳው የተፈጨ ሸክላ በመሰለ ዱቄት ተሸፍኗል። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቀላ። ሽማግሌው አንድ ዛላ ቆርጠው መዳፋቸው ላይ አሹት። እፍ ሲሉት ገለባውም ፍሬውም አብሮ በረረ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ልጄ፣ እህል ሳትቀምስማ አትሄድም» ነው ያሉኝ። እንዴት ይዋጥልኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሳውን የፈጀው ቢጫው ሳይሆን አገዳውን የሚያጠቃው የግንድ ዋግ ነው። ዲገሉ ይህን ዋግ ይመክት የነበረው በዋናነት ኤስአርቲኤምፒ በሚባል አንድ ጂን ነው። እኛ ሁላችን ከኡጋንዳ የተነሳውን፣ ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ እንጠብቅ ነበር። የመጣው ሌላ ዓይነት ዋግ ሆነ፤ ያንን ጂን አለፈው። ከኋላ ደጀን የሚሆን ሌላ ጂን አልነበረም።

አንድ ጂን የያዘና ሦስት ጂን የያዘ ስንዴ ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ በሽታው አንዱን ጂን እስኪረታው ድረስ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ዓይን አይለያቸውም። ማርከር ግን ከቡቃያው ላይ በተቆረጠች ጥፍር በምታክል ቅጠል ይለያቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ ልክ ናት። ያኔ ይህ መሣሪያ በእጄ ቢኖር ኖሮ አፌን እሰበስብ ነበር።

ደግሞም ልክ አይደለችም። ማርከር ጂኑ መኖሩን እንጂ ዘንድሮ መሥራቱን አይነግራችሁም። ዲገሉ እኮ ጂኑን እንደያዘ ነው የወደቀው! አሁን ያሉት ልጆች ኮምፒውተሩ ላይ አንበሳ ናቸው፤ ዋግ በጣቱ ነክቶ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? እኔም ብሆን አልመጻደቅም። ዛላቸው የጠቆረ ስንዴዎችን «ቆሻሻ» እያልኩ ስጥል ኖሬያለሁ። ያ ጥቁረት ብዙ ጊዜ ኤስአር2 ከሚባለው፣ ለአሥርተ ዓመታት ካልተረታው ጂን ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ስንቱን ጥዬው ይሆን?

ሽማግሌው በቀጣዩ ዓመት ሦስት ዓይነት ስንዴ ዘሩ። እኔን አልጠየቁኝም።