«ያንቺ ነው ብሎኛል» ማለት ይበቃል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሠዓሊ ነበር። በ1995 ተጋባን፤ ከስምንት ወር በፊት አረፈ። ብዙ ሥዕል ትቷል፤ እኔ የምፈልገው ሦስቱን ብቻ ነው። አንደኛው ሳንጋባ እናቴ ቤት ቡና ሳፈላ የሣለኝ ነው። ሁለተኛው ጉለሌ ተከራይተን ስንኖር የሣለው መስኮት ነው። ታምሜ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ ሥሎ ፊት ለፊቴ ሰቀለልኝ። ሦስተኛው ሳይጨርሰው የሞተው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው። ሁሉንም «ያንቺ ናቸው» ብሎኛል። ልጆቹ ግን ውርስ ነው፣ እንካፈል ይላሉ። ሥዕሎቹ አሁን ደህና ቦታ ናቸው። ለሙት ዓመቱ በካላንደር ላሳትማቸውም አስቤያለሁ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ልጆቻችን» አላሉም፣ «ልጆቹ» ነው ያሉት። ከሌላ እናት የተወለዱ ይመስለኛል። ኑዛዜ ስለመኖር አለመኖሩም አልጻፉም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን «ደህና ቦታ» የሚለው ነው። ሥዕሎቹ ቤትዎ ቢሆኑ ቤቴ ናቸው ይሉኝ ነበር። ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋ አሽሽተዋቸው ከሆነ፣ እህቴ፣ ዛሬውኑ ይመልሷቸው። ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል። ነገር ግን ውርስ ሳይጣራ ዕቃ ያሸሸ ሰው በኋላ እውነቱን ሲናገርም የሚያምነው ያጣል። የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ብዙው የሚቆመው በእርስዎ መታመን ላይ ነው።

አጠቃላዩን ሕግ ባጭሩ ልንገርዎ። አዲስ አበባ ስለሚኖሩ የሚመለከትዎት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ባል ወይም ሚስት ከጋብቻ በፊት የነበራቸው ንብረት የግል ነው። በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘው የጋራ ነው፤ ሥዕልም የሠዓሊ የሥራ ፍሬ ነው። የጋራው ግማሽ የእርስዎ ሲሆን ግማሹ ወደ ውርስ ይገባል። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ልጆች፣ ከማንም ይወለዱ፣ ቀዳሚ ወራሾች ናቸው።

አሁን ወደ «ያንቺ ናቸው ብሎኛል» ልምጣ። ቢሮዬ የሚመጡ ባለጉዳዮች እየደጋገሙ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ይሁን መኪና ወይም የቤት ዕቃ፣ «ሰጥቶኛል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሰጥቷቸዋል። ችግሩ ስጦታ በሕጋችን ውል መሆኑ ነው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 73 ደግሞ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት የለውም ይላል። የታመመች ሚስቱን ለማጽናናት ሥዕል የሰቀለ ባል ለማጽደቂያ ፍርድ ቤት እንደማይሄድ ሁላችንም እናውቃለን። የልጆቹ ጠበቃ ግን ይህን አንቀጽ ማንሳቱ አይቀርም። ስለዚህ መስኮቱን «በስጦታ የግሌ ነው» ብለው ብቻ ቢከራከሩ ሊሸነፉ ይችላሉ። ዳኛው ምን እንደሚወስን አስቀድሜ ልነግርዎ አልችልም። አደጋው ግን እውነተኛ ነው።

የቡናው ሥዕል ሌላ ነው። ከጋብቻ በፊት ስለተሣለ አጣዋለሁ ብለው ፈርተው ይሆናል። በእኔ ግምት ከሦስቱ የተሻለ ተስፋ ያለው እሱ ነው። ሳትጋቡ ከሰጠዎት ስጦታው በባልና ሚስት መካከል የተደረገ አይደለም፤ አንቀጽ 73 አይነካውም። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ በማስረከብ ሊሰጥ ይችላል። በሠርግዎ ቀን በእጅዎ የነበረ ንብረት ከሆነ የግልዎ ነው። ግን የጋራ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ እርስዎ ላይ ነው።

እስቲ ሥዕሉን ቀስ ብለው ያዙሩት። ከሸራው ጀርባ በከሰል ወይም በእርሳስ የጻፈው ነገር አለ? ስምዎ፣ ቀን፣ አንድ ቃል? ካለ አይጥረጉት፣ አያድምቁት። ፍሬም ለማሳደስም አይስጡት። በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱት። የሠርግዎን አልበም ያውጡና እናትዎ ቤት የተነሱትን ፎቶዎች ይመልከቱ፤ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሥዕሉ ከታየ ትልቅ ማስረጃ ነው። የኤግዚቢሽን ካታሎጎቹንም ይሰብስቡ። ሥዕሉ በአንዱ ካታሎግ ላይ ከነዋጋው ለሽያጭ ቀርቦ ከሆነ ሌላኛው ወገን ሳያነሳብዎት ለጠበቃዎ ይንገሩ።

ያላለቀው የእንጦጦ ሥዕል እንዳለ ይቀመጥ። ጓደኛው ሠዓሊ «ልጨርስልሽ» ቢል እሺ አይበሉ፤ ማንም አይፈርምበት። እሱም የጋራ ነው የሚባለው።

ካላንደሩን ለጊዜው ይተዉት። ሸራውን መያዝ የማሳተም መብት አይሰጥም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው መብት ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቹም ባለመብት ናቸው። በጽሑፍ ይፍቀዱልዎት።

ወደ ክስ ከመሮጥዎ በፊት የጋብቻ ማስረጃዎን ያውጡ። ከሥዕሎቹ፣ ከደብተሮቹና ጋለሪ ለሽያጭ ከተቀመጡት ሁሉ ዝርዝር ይሥሩ። ደብተሮቹን ገጽ በገጽ ይዩ፤ ሙሉ በሙሉ በእጁ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ወረቀት ከተገኘ የነገርኩዎት ብዙው ይለወጣል።

ከልጆቹ ጋርም በሽማግሌ ይነጋገሩ። የጋራ ንብረት ሲከፈል ዕቃውን በዓይነት መካፈልና ልዩነቱን በገንዘብ ማካካስ ይቻላል። መስኮቱን በድርሻዎ እንዲደርስዎት ይጠይቁ፤ ገበያ የሚወደድላቸውን ሌሎች ሥዕሎች እነሱ ይውሰዱ። አባታቸው መስኮቱን መቼና ለምን እንደሣለው ነግረዋቸው ያውቃሉ? ካልነገሯቸው ከዚያ ይጀምሩ። የተስማማችሁበትን ግን ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱም ሥዕሎቹን ተሸክመው አይሂዱ፤ የፊታቸውንና የጀርባቸውን ፎቶ ይያዙ።