ስታንሊ ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ አምድ ስለ እንግሊዝ ዝቅተኛ ሊጎች ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው አላባራ ብሏል። አብዛኛው የሚያወራው ስለ አንድ ክለብ ነው፤ አክሪንግተን ስታንሊ። ለማያውቁት፣ ክለቡ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር ውስጥ ነው ያለው። ከተማዋ ድሮ በጥጥ ፋብሪካና በጡብ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አክሪንግተን ስታንሊ ቅዳሜ ትኬቴን አበላሸብኝ። ለመሆኑ ስታንሊ ማን ነው? ባለቤቱ ነው?» (ከአዳማ)

ለትኬቱ አዝናለሁ። ግን በእንግሊዝ አራተኛ እርከን ላይ ብር የሚያስይዝ ሰው ትንሽ ደፋር ነው።

ስታንሊ ሰው አይደለም፣ የመንገድ ስም ነው። በ1891 ስታንሊ ስትሪት አካባቢ ያሉ ሰዎች ስታንሊ ቪላ የሚባል ቡድን አቋቋሙ። ጥቂት ቆይተው የከተማዋን ስም ከፊት ጨመሩበት፤ የሰፈሩን ስም ግን አልጣሉትም።

ስሙ እንግሊዝ ውስጥ ኳስ የማይወዱ ሰዎች እንኳ የሚያውቁት ስም ነው። ምክንያቱ ደግሞ ወተት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ የወተት ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። የሊቨርፑል ማልያ የለበሱ ሁለት ልጆች ከጨዋታ ይገባሉ። አንደኛው ወተቱን እየጠጣ፣ የሊቨርፑሉ አጥቂ ኢያን ራሽ ወተት ካልጠጣህ ስታድግ ለአክሪንግተን ስታንሊ ብትጫወት ነው ብሎኛል ይላል። ጓደኛው እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው ሲለው፣ «ይኸው ነው እኮ!» ብሎ ይመልስለታል። በጊዜው ክለቡ ከዋናዎቹ አራት እርከኖች ውጭ፣ ከአማተር ብዙም በማይሻል ሊግ ውስጥ ነበር። ቀልዱ የገባው ለዚያ ነው።

«ጓደኛዬ አክሪንግተን በ1888 የእንግሊዝ ሊግን ከመሠረቱት 12 ክለቦች አንዱ ነው ብሎ አስይዞኛል። ማን ይክፈል?» (ከሐዋሳ)

ጓደኛህ «አክሪንግተን» ብቻ ካለ አንተ ትከፍላለህ። «አክሪንግተን ስታንሊ» ካለ እሱ ይከፍላል።

ከፕሬስተን፣ ከኤቨርተንና ከአስቶን ቪላ ጋር ሊጉን የመሠረተው አክሪንግተን ኤፍሲ የሚባል ሌላ ክለብ ነው። ያ ክለብ በ1893 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን መውረድ ሲመጣበት፣ እዚያ ከምጫወት ይቅርብኝ ብሎ ከሊጉ ለቀቀ። በ1896 ጭራሽ ፈረሰ። ስታንሊ ሊጉን የተቀላቀለው በ1921 ነው፤ የሰሜኑ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሲቋቋም። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ ብዙ ስለሆኑ ጓደኛህን አትፍረድበት።

«ልጄ፣ በወጣትነቴ በሬዲዮ ስለ እንግሊዝ ኳስ እሰማ ነበር። አንድ ክለብ በውድድር መሀል ሊጉን ጥሎ ወጣ ሲባል ትዝ ይለኛል። ይሄው ነው? ምን ሆኖ ነው?» (ከደሴ)

አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው። ዘመኑም 1962 ነው። ይቺን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

በ1950ዎቹ ስታንሊ ደህና ቡድን ነበር። አሰልጣኙ ዋልተር ጋልብሬዝ ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ተጫዋቾቹንም ከአገሩ ያመጣ ነበር። በ1955 አሥራ አንዱም ስኮትላንድ የተወለዱ ሆነው ሜዳ ገቡ። በእንግሊዝ ሊግ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ነበር። ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለማለፍም ተቃርበው ነበር።

ከዚያ በ1958 የክለቡ ሰዎች አንድ ነገር ገዙ። ተጫዋች አይደለም፣ የተመልካች መቀመጫ ነው። አልደርሾት ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ያለች የጦር ሠራዊት ከተማ ናት። እዚያ ለወታደራዊ ትርኢት ያገለግል የነበረ ትልቅ የመቀመጫ ሕንፃ ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው 1,450 ፓውንድ። ርካሽ ነው አሉና ገዙት። ፈታትቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ማጓጓዝና ፒል ፓርክ በሚባለው ሜዳቸው ላይ መልሶ መገጣጠም ግን ከግዢው ብዙ እጥፍ አስወጣቸው። እሱም ተተክሎ መቀመጫውን የሚሞላው ሰው ጠፋ። ተመልካቹ ዓመት በዓመት እየሳሳ ነበር። በ1960 ቡድኑ ወደ አራተኛ ዲቪዚዮን ወረደ።

በ1962 መጀመሪያ ዕዳው 60,000 ፓውንድ ገደማ ደርሷል። ለዛሬ ተጫዋች የቀናት ደመወዝ ነው ይሉ ይሆናል። ግን እስከ 1961 መጀመሪያ ድረስ አንድ ተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ደንብ ነበር። በዚያ ሚዛን ሲታይ ዕዳው ተራራ ነው።

መጋቢት 2 ቀን ክሩ በሚባል ክለብ ሜዳ 4 ለ 0 ተሸነፉ። በቀናት ውስጥ የጎረቤቱ ክለብ የበርንሊ ሊቀመንበር ቦብ ሎርድ ምክር እንዲሰጥ ተጠራ። ሎርድ ሥጋ ሻጭ ነበር፣ ሀብታምና አፉ የማይያዝ ሰው። ተስፋ የለውም አላቸው። መጋቢት 6 ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤ ለሊጉ ተላከ።

ወዲያው ደግሞ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ብቅ አሉ። ክለቡ ደብዳቤውን ልሳበው ብሎ ለመነ። የሊጉ ዋና ጸሐፊ አለን ሃርዳከር ነበሩ፤ ሊጉ ደብዳቤው ደርሶናል፣ አበቃ አለ። እስከዚያ የተጫወቷቸው 33 ጨዋታዎች ውጤት ከሠንጠረዡ ተሰረዘ። አራተኛ ዲቪዚዮን ያን ዓመት በ23 ክለብ ተጠናቀቀ።

የስታንሊ ደጋፊዎች ሎርድን ለዓመታት አምተውታል። በርንሊ በዚያው የውድድር ዘመን በከፍተኛው እርከን፣ በአንደኛ ዲቪዚዮን ሁለተኛ የወጣና ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ ነበር። ከ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ትንሽ ክለብ ቢዘጋ ተመልካቹ ወደ እኔ ይመጣል ብሎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልገዛውም። በርንሊን በዚያ አቋሙ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ቀድሞም በርንሊ ይሄድ ነበር። ክለቡን የጎዳው ያ መቀመጫ ነው። ለሊጉ ግን አልከራከርም። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ደብዳቤ አልመልስም ብሎ ክለብን ማሰናበት ጭካኔ ነው።

«ታዲያ ክፍት ቦታውን ማን ወሰደው?» (ከጎንደር)

ኦክስፎርድ ዩናይትድ። ያኔ ከታች ያለ ክለብ ዋንጫ በልቶ በቀጥታ ወደ ሊጉ አይገባም ነበር። ሊቀመናብርቱ ተሰብስበው ድምፅ ይሰጣሉ፤ እነሱ የወደዱት ይገባል። ቀጥታ መውጣትና መውረድ የመጣው በ1987 ነው።

ኦክስፎርድ ዕድሉን በደንብ ተጠቀመበት። እስከ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጥቶ በ1986 ሊግ ካፕ በላ። አሁን ደግሞ ይህን ስሚ እህቴ። በ2006 አክሪንግተን ስታንሊ የኮንፈረንሱ (የአምስተኛው እርከን) ሻምፒዮን ሆኖ፣ ከ44 ዓመት በኋላ ወደ ሊጉ ተመለሰ። በዚያው የውድድር ዘመን ማብቂያ ከሊጉ የወረዱት ሁለት ክለቦች ነበሩ። አንዱ ኦክስፎርድ ዩናይትድ ነው።

«የፈረሰ ክለብ እንዴት ተመልሶ ሊግ ይገባል? ያው ክለብ ነው ማለትስ ይቻላል?» (ከዋሽንግተን ዲሲ)

በወረቀት ካየኸው ያው አይደለም። አሮጌው ክለብ ከ1962 በኋላ በአካባቢው ውድድር ትንሽ ተንፏቆ በ1966 ጨርሶ ተዘጋ። በ1968 የከተማዋ ሰዎች ተሰብስበው በዚያው ስም አዲስ አቋቋሙ። ክራውን ግራውንድ በሚባል ሌላ ሜዳ፣ ከ1970 ጀምሮ ከታች ከታች ጀመሩ። በደጋፊው ልብ ግን ያው ክለብ ነው፤ እኔም ከደጋፊው ጋር ነኝ።

ለውጡ የመጣው በ1999 ጆን ኮልማን አሰልጣኝ ሲሆን ነው። ከምክትሉ ጂሚ ቤል ጋር በሰባት ዓመት ሦስት ጊዜ ቡድኑን አሳደጉት። ገንዘብም በአጋጣሚ ደረሰላቸው። በ1997 ብሬት ኦርመሮድ የሚባል አጥቂ በ50,000 ፓውንድ ለብላክፑል ሸጠው ነበር፤ ወደፊት ሲሸጥ ከትርፉ ድርሻ አለን ብለው በውል አስፍረው። በ2001 ሳውዝሃምፕተን በ1.75 ሚሊዮን ገዛው። ለአክሪንግተን ይህ ሎተሪ ነው። እኛ አገር ተጫዋች በነጻ የሚለቁ ክለቦች ይቺን የውል አንቀጽ ቢያጠኗት ደስ ይለኛል።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2009 ከ300,000 ፓውንድ በላይ የግብር ዕዳ ይዞ እንደገና ሊዘጋ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ኢሊያስ ካን የተባለ ባለሀብት ነው ያተረፈው። በ2018 የሊግ ሁለት (የአራተኛው እርከን) ሻምፒዮን ሆነው በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊግ አንድ (ሦስተኛው እርከን) ገቡ። የዚያ ዓመት ጎል አግቢያቸው ቢሊ ኪ ነበር። ኪ ስለ ድባቴና ስለ ጭንቀት ሕመሙ በአደባባይ ተናግሮ በ2020 መጀመሪያ፣ በ29 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። በ2023 ክለቡ ተመልሶ ወደ ሊግ ሁለት ወረደ፤ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ደግሞ ኮልማንን አሰናበተው። በመሀል ከሁለት ዓመት በላይ ወጣ ብሎ ከመመለሱ በቀር እዚያው የከረመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አሰልጣኝ አሁን ብዙ አይገኝም።

«ባለቤቱ ለተጫዋቾቹ በርገር ገዝቶ ተከሰሰ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የሶሻል ሚዲያ ወሬ?» (ከአዲስ አበባ)

ክስ አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በርገሩ ግን እውነት ነው። አንዲ ሆልት የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ነው፣ ክለቡን በ2015 ያዘ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ተጫዋቾቹን በርገር ይጋብዝ ነበር። በሊጉ ደንብ ማንኛውም ጉርሻ በውል ተጽፎ ቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ በርገሩ ደግሞ አልተመዘገበም። እኔ ብሆን በቀጣዩ ዓመት ውል ላይ «አንድ በርገር ከነድንቹ» ብዬ አስጽፈው ነበር።

«ተጫዋቾቹ ራሳቸው በጨዋታቸው ላይ ቤቲንግ ተጫውተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።» (ከባሕር ዳር)

ተጫውተዋል። ግንቦት 2008 ላይ ቤሪ አክሪንግተንን 2 ለ 0 ያሸንፋል ብለው አስያዙ፤ ጨዋታውም 2 ለ 0 አለቀ። አራት የአክሪንግተንና አንድ የቤሪ ተጫዋች በ2009 ከወራት እስከ አንድ ዓመት ታገዱ። የአዳማው ወንድማችን ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እገምታለሁ።

«እኔ ሊቨርፑል ነኝ። ከእኛ ጋር ተጋጥመው ያውቃሉ?» (ከጅማ)

ጥር 2025፣ ኤፍኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር፣ አንፊልድ። ሊቨርፑል 4 ለ 0 አሸነፈ። ጆታ፣ አሌክሳንደር አርኖልድ፣ ወጣቱ ዳንስና ኪዬዛ አገቡ። ኪዬዛ ለሊቨርፑል ያገባት የመጀመሪያዋ ጎል ናት። የኢያን ራሽና የወተቱ ቀልድ ያን ሰሞን እንደገና ሲነገር ከረመ፤ ገና የሚቀር አይመስለኝም።

«ማንችስተር ነው የምኖረው። ለኦልድ ትራፎርድ ትኬት አቅሜ አይፈቅድም። አክሪንግተን ልሂድ?» (ከማንችስተር)

ሂድ እንጂ! ከማንችስተር ቪክቶሪያ ጣቢያ ቀጥታ ባቡር አለ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ሜዳው በእግር ይኬዳል፤ ዳገት ነው። ሜዳው 5,000 ምናምን ሰው ነው የሚይዘው። ስለዚህ አሰልጣኙ ተጫዋቹን ሲሳደብ አንድ በአንድ ትሰማለህ። ከጎሉ ጀርባ ቆመህ የምታይበት ቦታ አለ፤ እኔ ብሆን ከመቀመጫው እሱን እመርጣለሁ። ከእንግሊዝ ክረምት እስከ ሚያዝያ ከሆነ ወፍራም ጃኬት ያዝ፤ ላንክሻየር ዝናብ አያጣም። የማታ ጨዋታ ከመረጥክ የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት አስቀድመህ እይ፤ ቶሎ ቶሎ አይመጣም።